ተባራሪ ጥይት፦ ፖሊስ ሕዝብ መሃል ሲተኩስ ለምን ሌላ ሰው ይመታል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን ኒውዮርክ፣ ብሩክሊን ይኖራሉ፤ በየቀኑ ኤል በተባለው የከተማ ባቡር ይመላለሳሉ። ሴፕቴምበር 15 ቀን 2024 በሰተር አቬኑ ጣቢያ ፖሊሶች ሲተኩሱ መንገደኞች መመታታቸውን ከሰሙ ወዲህ ሐሳብ ገብቷቸዋል። (የአሜሪካ ቀኖችን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ጽፌአለሁ።) ሦስት ነገር ይጠይቃሉ። የሠለጠነ ፖሊስ ከዚያ ቅርበት እንዴት ይስታል? እግሩን መምታት ወይም ወደ ሰማይ ተኩሶ ማስደንገጥ አይቻልም ነበር? «እኔስ እዚያ ብገኝ ምን ላድርግ?»

መጀመሪያ የሆነውን ላስቀምጥ። አንድ የ37 ዓመት ሰው 2 ዶላር ከ90 ሳንቲም ሳይከፍል ጣቢያው ገባ። ሁለት ፖሊሶች ደረጃውን ተከትለውት ወደ ላይኛው መሳፈሪያ ወጡ። ሰውየው ስለት ይዟል። ጣል ይሉታል፤ እሱ ደግሞ አትከተሉኝ ይላቸዋል። በዚህ መሃል ባቡር መጥቶ በሩን ከፈተ። ሁለቱም በቴዘር፣ ማለትም ቀስት በሚተኩስ የኤሌክትሪክ ማደንዘዣ፣ ሞከሩ፤ አልሠራም። ፖሊስ እንዳለው ሰውየው ወደ አንደኛው ፖሊስ ሲያመራ ሁለቱም ሽጉጥ ተኮሱ፤ በድምሩ 9 ጥይት። አራት ሰው ተመታ። አንዱ ተጠርጣሪው ነው። አንዱ ከፖሊሶቹ መካከል ነው። የ49 ዓመት መንገደኛ ጭንቅላቱን ተመታ፤ አንዲት የ26 ዓመት ሴት ደግሞ እግሯን ጨረፋት። ተጠርጣሪው ጠመንጃ ስላልነበረው 9ኙም ጥይት የወጣው ከፖሊስ ሽጉጥ ነው።

ብዙ ሰው የሚከራከረው ስለመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት ሰከንዶች ነው፤ ሰውየው ቀረበ ወይስ አልቀረበም በሚለው ላይ። በእኔ እምነት የመንገደኛው ዕጣ የተወሰነው ከዚያ በፊት፣ ፖሊሶቹ ቢላ የያዘን ሰው እግር በእግር ተከትለው ጠባብና ሰው ወደሞላበት መሳፈሪያ ሲወጡ ነው። ለምን እንደዚያ እንደምል ለማስረዳት ግን መጀመሪያ ስለመሳት ማውራት ያስፈልጋል።

ፖሊስ ይስታል፤ ያውም አብዛኛውን ጊዜ። ራንድ የተባለው የጥናት ተቋም የኒውዮርክን ፖሊስ መዝገብ መርምሮ በ2008 ባወጣው ሪፖርት፣ ከ1998 እስከ 2006 ባሉት ዓመታት ተጠርጣሪው መልሶ በሚተኩስበት ጊዜ ኢላማውን ያገኘው የፖሊስ ጥይት ከመቶ 18 ብቻ ነበር። ተጠርጣሪው በማይተኩስበት ጊዜ እንኳ ከመቶ 30 ነው። ይህን በሰተር አቬኑ ላይ ያስቀምጡት፦ ከ9 ጥይት 3 ያህሉ ቢያገኝ፣ 6ቱ የሆነ ቦታ ማረፍ አለባቸው። መሳፈሪያ ላይ ደግሞ «የሆነ ቦታ» ማለት ሰው ነው።

የመሳቱ ምክንያት ከሞላ ጎደል ሜካኒካል ነው። ሽጉጥ ላይ ከኋላው ማነጣጠሪያ እስከ ፊተኛው ያለው ርቀት 16 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ፊተኛው ማነጣጠሪያ በ1 ሚሊ ሜትር ቢዛነፍ ጥይቱ 10 ሜትር ላይ 6 ሴንቲ ሜትር ይስታል። በ5 ሚሊ ሜትር ከተዛነፈ 30 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ያ ደግሞ ደረት መሃል ያነጣጠሩትን ጥይት ከትከሻ ውጭ ያወጣዋል። 5 ሚሊ ሜትር ብዙ አይምሰልዎት፤ የደነገጠ ጣት ቃታውን ሲመነጭቅ በቀላሉ የሚያመጣው ነው። የኒውዮርክ ፖሊስ ሽጉጦች ቃታ ደግሞ ለረጅም ዓመታት ሆን ተብሎ ከባድ ሆኖ ነው የተሠራው። ለመሳብ 12 ፓውንድ፣ ማለትም 5.4 ኪሎ ግራም ያህል ጉልበት ይጠይቅ ነበር፤ የተለመደው ግን ከዚያ ግማሹን አይሞላም። ሐሳቡ ሽጉጡ በስህተት እንዳይባርቅ ነበር። ሆኖም ጥይት ተሞልቶ እንኳ አንድ ኪሎ የማይመዝን ዕቃ፣ በ5 ኪሎ ጉልበት እየተሳበ አፈሙዙ ሳይነቃነቅ ማቆየት ከባድ ነው። ጸጥ ባለ ተኩስ ሜዳ እንኳ ብዙ ልምምድ ይጠይቃል።

ከዚያ ድንጋጤው አለ። ዓይን ቢላዋ ላይ ይተከላል። ከቢላዋው በስተጀርባ ያለው የባቡር መስኮት፣ መስኮቱ ውስጥ የተቀመጠው ሰው፣ ከእይታ ይጠፋል። ፖሊሱ ቸልተኛ ስለሆነ ብቻ የሚመጣ ነገር አይደለም፤ የሰው አእምሮ በሞት ፍርሃት ውስጥ እንደዚያ ይሠራል። ሥልጠና ይህን ያሻሽለዋል፣ አያጠፋውም።

ሌላው የማቆም ችግር ነው። አንድ ፖሊስ በፍጥነት ሲተኩስ በሰከንድ 4 ጥይት ያህል ያወጣል። ተጠርጣሪው መውደቁን ዓይን አይቶ፣ አእምሮ ገብቶት፣ ጣት እስኪያርፍ ግማሽ ሰከንድ ቢፈጅ፣ በዚያ መሃል ሁለት ጥይት ይወጣል። ሁለት ፖሊስ ከሆኑ አራት። እነዚህ ቆሞ የነበረ ሰው ላይ ተነጣጥረው፣ ሰውየው ከወደቀ በኋላ ባዶ ቦታ የሚያልፉ ጥይቶች ናቸው። አንዱ ሲተኩስ ሌላው «እየተተኮሰብን ነው» ብሎ ይከተላል። በፌብሩዋሪ 1999 በብሮንክስ አማዱ ዲያሎ በተባለ መሣሪያ ያልያዘ ጊኒያዊ ወጣት ላይ አራት ፖሊሶች 41 ጥይት ተኩሰው 19ኙ አግኝተውታል። ከአንድ ሕንፃ ደጃፍ ላይ፣ ከጥቂት ሜትር ርቀት፣ ከግማሽ በላዩ ስቷል።

ስለዚህ ጠቃሚው ጥያቄ «እንዴት ሳተ?» የሚለው ሳይሆን «እንደሚስት እየታወቀ፣ የሳተው የት እንዲያርፍ ነበር የታሰበው?» የሚለው ነው። ማንኛውም የጦር መሣሪያ አሠልጣኝ በመጀመሪያው ቀን ከሚያስተምራቸው ሕጎች አንዱ ኢላማህን እወቅ፣ ከኢላማህ ጀርባ ያለውንም እወቅ ይላል። ይህን ከሁሉ በላይ ያሳየው የዴንቨር ጉዳይ ይመስለኛል። ጁላይ 17 ቀን 2022 ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ መጠጥ ቤቶች በሚዘጉበት ሰዓት፣ የመሃል ከተማው የላሪመር መንገድ አካባቢ በሰው ተሞልቶ ነበር። ሽጉጥ ባወጣ አንድ ሰው ላይ ሦስት ፖሊሶች ተኮሱ፤ ስድስት አላፊ አግዳሚዎች ቆሰሉ። ጉዳዩን መርምሮ ማን እንደሚከሰስ የሚወስነው የዜጎች ጉባኤ (ግራንድ ጁሪ) ከሰውየው ፊት ለፊት የነበሩት ሁለት ፖሊሶች መተኮሳቸው አግባብ ነበር አለ። ሦስተኛው ግን ከጎን ነበር። የሰውየው ሽጉጥ አፈሙዝ ወደ እሱ አልዞረም፤ ከሰውየው ጀርባ ደግሞ ሕዝቡ ነበር። እሱ ተከሰሰ፤ በኋላም በሦስተኛ ደረጃ የአካል ጉዳት ወንጀል ጥፋቱን አመነ። ተጠርጣሪው አንድ፣ ቅጽበቱም አንድ ነው። ልዩነቱን ያመጣው የቆሙበት ማዕዘን ነው።

ያገኘ ጥይትም ቢሆን ችግሩ አያልቅም። ኦገስት 24 ቀን 2012 ኢምፓየር ስቴት ሕንፃ ፊት ለፊት አንድ ሰው የቀድሞ የሥራ ባልደረባውን ገድሎ ሲሄድ ሁለት ፖሊሶች ደረሱበት። ሽጉጡን ሲያወጣ ከሁለት ሦስት ሜትር ርቀት 16 ጥይት ተኮሱ። ገደሉት፤ አብረው ግን ዘጠኝ መንገደኞች ቆሰሉ። ከእነዚህ ሦስቱን የመታው ሙሉ ጥይት ነው፤ ስድስቱን የመታቸው ፍንጣሪ ነው። ኮንክሪትና ድንጋይ ላይ ያረፈ ጥይት ይሰነጣጠቃል፤ የእርሳሱና የመዳቡ ስባሪ፣ የድንጋዩም ፍንካች ይበተናል። አስፋልትና ድንጋይ የለበሰ የከተማ መንገድ በዚህ ረገድ ከአፈር ሜዳ እጅግ የከፋ ነው።

እዚህ ላይ ስለጥይቱ ዓይነት አንድ ነገር ማለት አለብኝ፤ ብዙ ሰው በተቃራኒው ነው የሚረዳው። የኒውዮርክ ፖሊስ በ1990ዎቹ መጨረሻ ጫፉ ጎድጓዳ ወደሆነ ጥይት ሲዞር «ጨካኝ ጥይት» ተብሎ ተወገዘ። ጫፉ ድፍን የሆነው ግን ሰውን በስቶ ወጥቶ ከጀርባ ያለውንም ይመታል። ጎድጓዳው ሥጋ ውስጥ ሲገባ ይከፈታል፣ ጉልበቱን እዚያው ይጨርሳል። የኤፍ ቢ አይ መመዘኛ ጥይቱ በሙከራ ጄል ውስጥ ከ12 እስከ 18 ኢንች፣ ማለትም ከ30 እስከ 46 ሴንቲ ሜትር ገብቶ እንዲቆም ይጠይቃል። ለመንገደኛው ይህ በእርግጥ ይሻላል። የሳተውን ጥይት ግን ምንም አያደርገውም፤ የሳተው ሙሉ ፍጥነቱን ይዞ ይሄዳል። ዲሴምበር 23 ቀን 2021 ኖርዝ ሆሊውድ ውስጥ ባለ የልብስ ሱቅ፣ ሰዎችን በብረት የብስክሌት ቁልፍ እየደበደበ በነበረ ሰው ላይ አንድ የሎስ አንጀለስ ፖሊስ በጠብመንጃ ሦስት ጊዜ ተኮሰ። አንዱ ጥይት የሱቁን ወለል ነክቶ ነጠረ፤ የልብስ መለኪያ ክፍሉን የጂፕሰም ግድግዳ በሳ፤ ውስጥ ከእናቷ ጋር የነበረችውን የ14 ዓመት ልጅ ገደለ። የጂፕሰም ግድግዳ ለጥይት እንደ ካርቶን ነው።

ይህ ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ይወስደኛል። እግር ቀጭን ነው፣ ይወዛወዛል፤ ከደረት ይልቅ ለመሳት ይቀላል። ወደ እግር የተተኮሰ ሁሉ አቅጣጫው ወደ ወለል ነው፤ ወለሉ ደግሞ ከላይ እንዳልኩት ያነጥረዋል። ከኮንክሪት የነጠረ ጥይት እንደ ኳስ ወደ ላይ አይነሣም፤ ወለሉን ታክኮ፣ በቁርጭምጭሚትና በጉልበት ከፍታ ይሄዳል። ቢያገኝም ጭን ውስጥ ትልቁ የደም ሥር አለ፤ እሱ ከተቆረጠ ሰው በደቂቃዎች ይሞታል። በአንዳንድ አገሮች፣ ለምሳሌ በጀርመን፣ ሕጉ የማስጠንቀቂያ ተኩስንም እግር መምታትንም ያውቃቸዋል። ሆኖም የዚያው አገር የፖሊስ ሕጎች አላፊ አግዳሚ ለአደጋ መጋለጡ ግልጽ ከሆነ፣ ሕይወት ለማዳን ሌላ አማራጭ ከመጥፋቱ በቀር አትተኩስ ይላሉ።

ወደ ሰማይ መተኮስ የአገራችን ልማድ ነው፤ ለሠርግም፣ ለለቅሶም፣ ሕዝብ ለመበተንም። ስለዚህ በደንብ ልናገረው። የክላሽ ጥይት አፈሙዙን ሲለቅ በሰከንድ 700 ሜትር ያልፋል። ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ከወጣ ሲመለስ በሰከንድ 90 ሜትር ያህል ይወርዳል፤ የሰውን ቆዳ ለመብሳት 60 ሜትር ይበቃዋል። ሕዝብ መሃል የቆመ ሰው ደግሞ ቀጥ አድርጎ አይተኩስም፤ አጋድሎ ነው የሚተኩሰው። አጋድሎ የተተኮሰው ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል፤ ፍጥነቱም ቀጥ ብሎ ከወረደው ይበልጣል። መስቀል አደባባይ የተተኮሰ ጥይት ሜክሲኮ አካባቢ የቤት ጣሪያ ላይ ሊያርፍ ይችላል፤ ቆርቆሮ አያቆመውም። በዚህ ምክንያት የኒውዮርክ ፖሊስ መመሪያ የማስጠንቀቂያ ተኩስን ከልክሏል፤ ልክ ነው ብዬ አምናለሁ።

ታዲያ ምን ይደረግ ነበር? ቢላ የያዘን ሰው በተመለከተ ፖሊሶች በ1983 የታተመ አንድ ሙከራ ይጠቅሳሉ፦ ሯጭ ሰው 21 ጫማ፣ 6 ሜትር ተኩል ገደማ፣ በአንድ ሰከንድ ተኩል ይደርሳል፤ ሽጉጥ መዝዞ ለመተኮስም ያን ያህል ጊዜ ይፈጃል። ብዙዎች ከዚህ የተማሩት «ከ21 ጫማ ከቀረበ ተኩስ» የሚለውን ነው። ትክክለኛው ትምህርት ግን ተቃራኒው ነው፦ ከ21 ጫማ እንዳይቀርብህ፣ አንተም አትቅረብ፣ በመካከላችሁ አንድ ነገር አስቀምጥ። ጠረጴዛ፣ መኪና፣ የባቡር ጣቢያ በር። ርቀት ጊዜ ይሰጣል፤ ጊዜ ደግሞ ተጨማሪ ሰው፣ ጋሻ፣ የሚያነጋግር ባለሙያ ያመጣል። ይህን የሚያስተምረው አይካት የተባለው ሥልጠና በአሜሪካዋ ሉዊቪል ከተማ ሲመረመር ኃይል መጠቀም ከመቶ 28፣ የዜጎች ጉዳት ከመቶ 26፣ የፖሊሶቹ የራሳቸው ጉዳት ከመቶ 36 ቀንሶ ተገኝቷል። የመጨረሻውን ቁጥር ደግመው ያንብቡት፤ መታገሥ ፖሊሱን ለአደጋ ያጋልጣል የሚለውን ክርክር ይዘጋዋል።

በሰተር አቬኑ ይህ ማለት የሚከተለው ነበር። ሰውየው መሳፈሪያው ላይ ከወጣ በኋላ የሚሄድበት የለውም፤ መውጫዎቹ ጥቂት ናቸው። ባቡሩ ከመድረሱ በፊት በሬዲዮ ጣቢያውን ሳይቆም እንዲያልፍ ማድረግ ይቻላል። ሰዎችን ማስወጣት፣ ደረጃው ላይ ቆሞ መጠበቅ፣ ጋሻ ያለውን የድንገተኛ ጊዜ ክፍል መጥራት ይቻላል። ከሁሉ በፊት ደግሞ ለ2 ዶላር ከ90 ሳንቲም መከተሉን መተው ይቻላል። ቴዘር መጠባበቂያ እንጂ ዕቅድ አይሆንም። ሁለቱም ቀስቶቹ ሰውነት ላይ መያዝና ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል መራራቅ አለባቸው። ለዚያ በተለመደው ዓይነት 2 ሜትር ያህል ርቀት ያስፈልጋል፤ ወፍራም ልብስም ያከሽፈዋል። ሲከሽፍ ፖሊሱ ቢላው አጠገብ ቆሞ ይገኛል፣ ቀጣዩም እጁ የሚገባበት ሽጉጥ ነው። አቋቋምም ይታያል፦ ሁለት ፖሊሶች ተጠርጣሪውን መሃል አድርገው ፊት ለፊት ከተያዩ የአንዱ ጥይት ለሌላው ነው። ጎን ለጎን ወይም በቀኝ ማዕዘን መቆም አለባቸው።

አሁን ወደ እርስዎ። ፖሊስ አንድን ሰው «ጣል! ጣል!» ሲል ከሰሙ ተኩስ እስኪጀመር አይጠብቁ፤ ስልክ አውጥተው አይቅረጹ። የሚያስፈልግዎት ከመስመሩ መውጣት ነው። ፖሊሱንና ተጠርጣሪውን የሚያገናኝ መስመር በሐሳብዎ ይሳሉ፤ መስመሩን በሁለቱም ወገን ያስረዝሙት። በዚያ ላይ ካሉ፣ በተለይ ከተጠርጣሪው ጀርባ ካሉ፣ ወደ ኋላ መሸሽ ብዙም አይጠቅምም፤ ጥይቱ የሚመጣው በዚያው አቅጣጫ ነው። ወደ ጎን ይውጡ። ባቡር ውስጥ ከሆኑና በሩ ወደ ግርግሩ ከተከፈተ ወደሌላ ፉርጎ አካባቢ ይራቁ፣ ወይም ወንበር ሥር ዝቅ ይበሉ። የፉርጎው ቆርቆሮና መስኮት ጥይት ያቆማሉ ብለው አይመኑ። የሚያቆመው ወፍራም የኮንክሪት ምሰሶ፣ የብረት ዓምድ፣ መንገድ ላይ ከሆነ ደግሞ የመኪና ሞተር ያለበት የፊት ክፍልና ጎማው ነው፤ የመኪና በር አያቆምም። ግድግዳ ላይ አይለጠፉ። የነጠረ ጥይት ግድግዳን ታክኮ ስለሚሄድ ቢቻል አንድ ሜትር ያህል ይራቁ። ሀዲድ ላይ ፈጽሞ አይዝለሉ፤ ሦስተኛው ሀዲድ ከ600 ቮልት በላይ ነው።

ሰው ሲሯሯጥ ግፊያው ራሱ ይገድላል። መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. በቢሾፍቱ የእሬቻ በዓል ላይ አስለቃሽ ጭስ ከተተኮሰ በኋላ በተፈጠረው መረጋገጥ የሞቱትን መንግሥት 55 ናቸው አለ፤ ሌሎች ቁጥሩ ከዚያ በብዙ እንደሚበልጥ ተናግረዋል። ብዙዎቹ ጉድጓድ ውስጥ ወድቀው ነው። ግፊያ ውስጥ ከገቡ ሁለት ክንድዎን ደረትዎ ፊት ያድርጉ፤ የሚተነፍሱበት ቦታ ያገኛሉ። የወደቀ ዕቃ ለማንሣት አይጎንበሱ፤ ከሰዉ ጋር እየሄዱ በሰያፍ ወደ ዳር ይውጡ። ተኩሱ ሲያቆም ባዶ እጅዎን ያሳዩ። ጥቁር ስልክ የያዘ እጅ ገና ለተደናገጠ ፖሊስ ሌላ ነገር ሊመስለው ይችላል።

አጠገብዎ የቆሰለ ካለ 911 ይደውሉና ደሙን ያቁሙ። ክንድ ወይም እግር ከሆነ ከቁስሉ 5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ፣ መጋጠሚያ ላይ ሳይሆን፣ ቱርኒኬት አስሮ ደሙ እስኪቆም ማጥበቅ ነው። ያመዋል፤ ሲያመው አይፍቱለት። ያሠሩበትን ሰዓት ይጻፉ። ቱርኒኬት ከሌለ ቀበቶ ብቻውን አይጠብቅም፤ ሰፋ ያለ ጨርቅ አስረው በጠንካራ እንጨት ይጠምዝዙት። ብብት ወይም ብሽሽት ከሆነ ንጹሕ ጨርቅ ቁስሉ ውስጥ ጠቅጥቀው በሁለት እጅ፣ በሰውነት ክብደት፣ እርዳታ እስኪመጣ ይጫኑ። በየመሃሉ እያነሡ ማየት የረጋውን ደም እንደገና ያስፈስሰዋል።

የመጨረሻው ብዙ ወገኖቻችን የሚስቱት ነው። በፖሊስ ጥይት የተጎዳ ሰው ኒውዮርክ ከተማን ለመክሰስ በ90 ቀን ውስጥ የጉዳት ማስታወቂያ በጽሑፍ ማስገባት አለበት፤ ክሱን ራሱን ደግሞ በአንድ ዓመት ከ90 ቀን ውስጥ። ኮሎራዶ ስቴት ውስጥ፣ ዴንቨርና ኦሮራ፣ ላሉ የማስታወቂያው ጊዜ 182 ቀን ነው፤ ካሊፎርኒያ ላሉ 6 ወር። ቀኑ የሚቆጠረው ከሆስፒታል ከወጡበት ሳይሆን በመሠረቱ ከተጎዱበት ቀን ነው። መጎዳት ብቻውን ደግሞ አያስረታም። የኒውዮርክ ስቴት ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2010፣ ሕፃን ልጇን ይዛ ከመኪና ጀርባ ተጠልላ ሳለ በፖሊስ ጥይት ክርኗን የተመታች እናት ባቀረበችው ክስ ከተማውን ነፃ አውጥቷል። ፖሊሶቹ ሲተኩሱ አላፊ አግዳሚ ማየታቸውን ወይም ማየት ይገባቸው እንደነበር የሚያሳይ ማስረጃ አልቀረበም ነው ምክንያቱ። ስለዚህ ጠበቃዎ በመጀመሪያው ሳምንት የፖሊሶቹ የሰውነት ካሜራ፣ የጣቢያውና የባቡሩ ካሜራ ቀረጻ እንዳይጠፋ በጽሑፍ ይጠይቅ። የባቡር ድርጅቱ ከከተማው የተለየ አካል ስለሆነ ለሁለቱም ለየብቻ ይጻፍ። በቀረጻው ላይ የሚፈለገው ጥይቱ ሳይሆን ከተጠርጣሪው ጀርባ የሚታዩት ሰዎች ናቸው።